ባጃጁን አጥፍታችሁ ግቡ

(ጅማ ውስጥ፣ ወደ ውጭ ለሚሄዱ ወጣቶች፣ ለዕረፍት መጥተው ለሚመለሱና ለቤተሰቦቻቸው ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። አካም ኦልተን።

እኔ የዚሁ የጅማ ልጅ ነኝ፤ ሂርማታ ነው ያደግሁት። ስዊድን መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነው። ዘንድሮ እናቴ ስትታመም ፈቃድ ወስጄ መጣሁና ስምንት ወር አብሬያት ቆየሁ። ተመስገን ነው፣ ተሽሏታል። የፊታችን ቅዳሜ እመለሳለሁ።

የጋበዛችሁኝ ስለ ውጭ ኑሮ እንዳወራችሁ ነበር። ስለ እሱ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ ሰሞኑን ከጠዋት እስከ ማታ የማስበው ስለ ስንብት ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ የትምህርት ዕድል አግኝታችሁ ልትሄዱ ነው፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እንደ እኔ መጥታችሁ ልትመለሱ ነው፤ የቀራችሁት ሸኚዎች ናችሁ። ስለዚህ ነገሩ ሁላችንንም ይነካል።

ከአራት ዓመት በፊት ለወንድሜ ሠርግ መጥቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ነበር ያለኝ። ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ እያለ ጊዜው አለቀና ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ገና እግሬ ያልረገጣቸው 16 ቤቶች ነበሩ። በወረቀት ጻፍኳቸው። አንድ ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩና ከሂርማታ ኮቺ፣ ከመንቲና አጂፕ ስዞር ዋልኩ። በር ላይ ቆሜ፣ ጉንጭ ስሜ፣ «ቻው ልበላችሁ ብዬ ነው» እያልኩ። በየቤቱ አምስት ደቂቃ።

ከቤቶቹ አንዱ የአኮ ነበር። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የሥጋ አያቴ አይደሉም፣ ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ ገበያ ስትውል እኔ የምውለው እሳቸው ቤት ነበር። ያን ቀን እንደምመጣ ሰምተው ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቆሎ ቆልተው፣ ጀበናውን ጥደው ነበር የጠበቁኝ። «ቁጭ በይ» አሉኝ። «አኮ፣ ባጃጅ እየጠበቀኝ ነው» አልኳቸው። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ብር በእጃቸው አስጨበጥኩ፣ ወጣሁ።

ዘንድሮ በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ሄድኩ። ቁጭ አልኩ። ቡናው ተፈላ። ሁለተኛውን ስኒ ከጠጣን በኋላ «ልጄ፣ ያኔ ስትሄጂ ባጃጁ አልጠፋም ነበር» አሉኝ። አልገባኝም። «ምኑ ነው ያልጠፋው አኮ?» አልኳቸው። «ደጅ ላይ ይጮህ ነበራ። ምን እንዳልሽኝ እንኳ በደንብ አልሰማሁም።»

ተቆጥተው አይደለም። የሚያስታውሱትን ነው የነገሩኝ። ብሩን አላነሱም። ሳይበላ የቀረውን ቆሎ አላነሱም። አራት ዓመት ሙሉ ከእኔ ስንብት የቀራቸው የሞተር ድምፅ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይኼ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚህ ነው። ልትሰናበቱ ስትሄዱ ባጃጁን ሸኙት። ሒሳቡን ክፈሉትና ይሂድ። ከዚያ ግቡ።

ጅማ እንዴት እንደሚሰናበቱ የምታውቅ ከተማ ናት። ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ብቻ አልነበረም፤ የሲራራ ነጋዴ መነሻም ነበር። ቡናውንና የዝባዱን ጭነት በበቅሎ ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ምጽዋ የሚሄድ ሰው ወራት ፈጅቶ ነው የሚመለሰው። ሽፍታ አለ፣ ወባ አለ፣ ሙላት አለ። ስልክ የለም። እንዲህ ላለ መንገድ የሚወጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ቻው ብሎ አይሄድም። ይመረቃል፣ ዱዓ ይደረግለታል፣ ስንቁ ይቋጠራል፣ «መንገዱ የጨርቅ ይሁንልህ» ይባላል። ዛሬ አውሮፕላኑ በአንድ ሌሊት ያደርሰናል። መለያየቱ ግን አላጠረም፤ እኔ በ14 ዓመት ውስጥ ጅማን ያየኋት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ቡናው ላውራ፤ የእኛ አገር ጉብኝት ሰዓቱ ቡና ነውና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስምንት ወር በየቤቱ ስቀመጥ ያስተዋልኩት ነገር አለ። አቦል ላይ የሚወራው ሰላምታ ነው። ስዊድን እንዴት ነው፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ። ቶና ላይ የሰፈር ወሬ ይመጣል፤ ማን አገባ፣ ማን ቤቱን ሸጠ፣ የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ልብ ውስጥ ያለው ነገር የሚወጣው በረካ ላይ ነው። አክስቴ እግሯ ማበጥ እንደጀመረ የነገረችኝ በረካ ላይ ነው፣ ልጇ እንኳ አያውቅም ነበር። አንድ የአባቴ ጓደኛ ከወንድማቸው ጋር በመሬት ተጣልተው አምስት ዓመት እንዳልተነጋገሩ የነገሩኝ በረካ ላይ ነው። አቦሉን ጠጥቶ «በቃ ልሂድ» ያለ ሰው ሰላምታውን ብቻ ሰምቶ ነው የሄደው።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ ሦስቱም እስኪጠጣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ምግቡ አለ። መንገዱ አለ። ስለዚህ በቀን ሁለት ቤት ነው። ሦስተኛውን ከጨመራችሁ አንዱ ቤት ላይ ሰዓት ማየት ትጀምራላችሁ፣ እነሱም ያዩዋችኋል። ሃያ ቤት ያለው ሰው አሥር ቀን ያስፈልገዋል ማለት ነው። እኔ ዘንድሮ የጀመርኩት ልሄድ አምስት ሳምንት ሲቀረኝ ነው፣ እሱም አልተረፈኝም።

ለዚህ ደግሞ ቀኑን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሄድበትን ቀን ይደብቃል። ዓይን ይበላኛል ብሎ የሚፈራ አለ፣ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል ብሎ የሚፈራ አለ፣ የእናቴን ለቅሶ አልችለውም ብሎ የሚሸሽም አለ። ሁሉም ይገባኛል። ግን ቀኑን የደበቃችሁበት ሰው መሄዳችሁን የሚሰማው ከጎረቤት ነው። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ሌሊት ወጥቶ ሄደ፤ የክርስትና እናቱ ዛሬም ድረስ ምን አስቀይሜው ይሆን እያሉ ይጠይቃሉ። ምንም አላስቀየሙትም። ፈርቶ ነው።

የት ነው የሚጀመረው? በእኔ ሐሳብ ለቅሶ ቤት ነው፤ እሱም ልትሄዱ ስትሉ ሳይሆን የመጣችሁ ሰሞን። ውጭ አገር ስትኖሩ ያልደረሳችሁበት ለቅሶ ይከማቻል። በስልክ አልቅሳችሁ ይሆናል፣ በመልእክት «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ይሆናል። ሐዘንተኛው ግን እናንተን ይጠብቃል። ሁለት ዓመት አልፎትም ቢሆን ስትገቡ እንደ አዲስ ይለቀሳል። አትደንግጡ፣ ወሬ ለመቀየርም አትቸኩሉ። ክርስቲያን ቤት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ሙስሊም ቤት «አላህ ያጽናችሁ፣ አላህ ይርሐመው» ብላችሁ ቁጭ በሉ። ከዚያ ዝምታው ራሱ ይሠራል። እኔ አንድ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ከውጭ የመጣ ዘመድ ገባ፤ ማታ በረራ አለበት። አልቅሶ፣ አጽናንቶ፣ ወዲያው ተሰናበታት። እሷም «ይኼ ለቅሶ ነው ወይስ ስንብት?» አለችው። ሁለቱን በአንድ ቀን አታምጡባቸው።

ከዚያ የታመሙና ያረጁ ሰዎች አሉ። ከዚያ ደግሞ ማንም የማይዘረዝራቸው። እናንተን አዝላ ያሳደገች፣ ቤታችሁ ትሠራ የነበረች ሴት ዛሬ የት ናት? እኔ ያሳደገችኝን ሰው ፈልጌ ያገኘኋት አጋሮ ነው፤ ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ14 ዓመት አንድ ቀን አልሄድኩም ነበር። ስታየኝ ስሜን አልጠራችም፣ ልጅ ሆኜ ትጠራኝ በነበረው የቁልምጫ ስም ነው የጠራችኝ። ያንን ስም ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ሰው አሁን በሕይወት የለም።

ቀኑንም ማወቅ ነው። ሐሙስ ነጋዴ ቤት አትሂዱ፣ ገበያ ነው፤ ሰውየው አንድ ዓይኑ እናንተ ላይ፣ አንዱ ሚዛኑ ላይ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ዘመዶቻችሁን ቅቤ ተሸክማችሁ አታስቸግሯቸው። ረመዳን ከሆነ ለኢፍጣር ተጠሩ፤ ሾርባውን አብሮ መጠጣት ከቀን ጉብኝት በላይ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ከሆነ ደግሞ ቡና አብቃዮቹ ማና፣ ጎማና ሊሙ ወረዳዎች የሚኖረው ዘመድ ለቀማ ላይ ነው፣ ቤቱ አታገኙትም። ማሳው ድረስ ሂዱና አብራችሁ ልቀሙ። ከአክስቴ ልጅ ጋር ዘንድሮ ካወራሁት ሁሉ የሚበልጠው ቅርጫት ታቅፈን ቀይ ቀዩን እየለቀምን ያወራነው ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

ስለ ገንዘብ ሳልናገር ባልፍ ዋሽቻችኋለሁ ማለት ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባም የሚል ነገር አለ። ይኼ ነገር ስንቱን ሰው ከዘመዱ ቤት እንዳስቀረ እኔ አውቃለሁ። ብድር አለበት፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ የሚሰጠው የለውም፤ ስለዚህ ላለመሄድ ይመርጣል። ከዚያ «ኮራ» ይባላል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ሦስት ቤት ሳልሄድ ተመልሻለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ኪሎ ስኳር፣ አንድ እጅ ሙዝ፣ አንድ ዳቦ ይዛችሁ ግቡ። ሰጪዎችም ብትሆኑ ብሩን የመውጫ ትኬት አታድርጉት። እኔ አኮ እጅ ላይ ብር ያስጨበጥኩት ቶሎ ለመውጣት ነበር፤ እሳቸውም ገብቷቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ቤተሰቦችም፣ እባካችሁ፣ የሄደው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ፊቱን እዩት። ከስቷል? ደክሟል? እንቅልፍ ይተኛል? እኛም እዚያ ስንት ነገር ችለን ነው የምንመጣው።

ዕቃ። ይኼ ሁሌም የሚያጣላ ነገር ነው። ልትሄዱ ነው ሲባል «ለልጄ ይቺን ብቻ» የሚል ሰው ይመጣል። እናት ናት፣ እንዴት እምቢ ይባላል? እኔ ሁለት ደንብ አለኝ። አንደኛ፣ ላኪው ፊት ተከፍቶ ያላየሁትን አልይዝም፤ ወንድሜም ቢሆን። ይኼ አለማመን አይደለም፣ ኤርፖርት ላይ «ሻንጣውን ያሸግሽው ራስሽ ነሽ?» ተብዬ ስጠየቅ እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው። ሁለተኛ፣ የማይገባውን ቀድሜ እናገራለሁ። አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ስለዚህ ቅቤው፣ አይቡ፣ ቋንታው አይሄድም። እናት ስንት ቀን ያነጠረችው፣ ኮረሪማ ያስገባችበት ቅቤ እዚያ ደርሶ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል አይቻለሁ። አቮካዶም ቢሆን የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የተቆላው ቡና ይበቃል። ቅቤውን የያዘችውን እናት ግን በባዶው አትመልሷት። እኔ አንዷን «ቅቤው አይገባም፣ ግን ስለ ልጅዎ የሚሉትን ይንገሩኝ፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኳቸው። ሩብ ሰዓት አወሩኝ። ቃል በቃል ይዣለሁ፤ እንደደረስኩ መጀመሪያ የምሄደው እሱ ጋ ነው።

ስለ ጓደኞች ትንሽ ልበል። አብራችሁ የተማራችሁትንና እዚሁ የቀሩትን ስታገኙ አንድ ጥያቄ አትጠይቁ፤ «ለምን አትወጣም?» አትበሉ። ሕይወቱ እዚህ ነው። ሱቅ አለው፣ ልጆች አሉት፣ ዕድር አለው። እኔ አራት የሃይስኩል ጓደኞቼን ይዤ በእግር ጅሬን ወጣሁ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከ50 ዓመት በላይ የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ሰገነት ላይ ሆነን ከተማዋን ቁልቁል እያየን፣ ከቦዬ በኩል ጉም ሲነሳ፣ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ማን የት እንደነበረ ተጫወትን። እኔ ስዊድን አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፤ አንዷ ስልኳን ወደ መንገዱ አዙራ ጩኸቱን አሰምታኝ ነበር። ረስቼው ነበር፣ እሷ አልረሳችውም። ካፌ ተቀምጠን ስልካችንን እያየን ቢሆን ይኼ ወሬ አይመጣም ነበር።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስኩ። ወላጆቻችሁ።

እናቴ የታመመችው እኔ ከማወቄ ከአራት ወር በፊት ነው። «እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አሉኝ። በፍቅር ነው የደበቁኝ፣ አውቃለሁ። ግን እዚያ ማዶ ያለ ሰው እንደሚደበቅበት ካወቀ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል፣ ስልክ ካልጮኸም ይደነግጣል። ስለዚህ ዘንድሮ ከእናቴ፣ ከወንድሜና ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የሐኪም ወረቀት ሲወጣ እህቴ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ። ቀን ነው ሌሊት ነው ሳይባል የሚደውልልኝ ሰው አንድ ነው፣ ወንድሜ። ክፉ ነገር ቢመጣም መርዶውን በማን በኩል እንደምሰማ ተስማምተናል፤ ስዊድን ያለች አንዲት ጓደኛዬ ናት፣ ከሰው ጋር ሆና ማለዳ ቤቴ ትመጣለች። እናቴ ይኼን ስንነጋገር አላለቀሰችም። «እኔም አርፌ እተኛለሁ» ነው ያለችው።

እናንተም ይኼን ንግግር በመጨረሻው ሌሊት አታድርጉት። የመጨረሻው ሌሊት ሻንጣ ይመዘናል፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ማንም ልብ የለውም። ሁለት ሳምንት ቀደም በሉ። የአያቶቻችሁን ስም እስከ ሰባት ትውልድ ጠይቁና በድምፅ ቅዱት። የምትደውሉበትንም ሰዓት ወስኑ። ስዊድን ክረምታቸው ላይ ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በጋቸው ላይ በአንድ ሰዓት። እኔ ማታ ሥራ ስጨርስ እዚህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፣ እናቴ ተኝታለች። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብለን ተቀጣጥረናል። እሑድ ሦስት ሰዓት ተኩል። የእሷ ቡና ሲፈላ እኔም እዚያ ቡናዬን አፈላለሁ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ፤ ስለ እዚያ ሥራዬ ነው። የምንከባከባቸው አዛውንቶች አብዛኞቹ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ለአንድ ቤት የተመደበልኝ ደቂቃ አለ፤ መድኃኒቱን ሰጥቼ፣ አልብሼ፣ ምግቡን አሙቄ እወጣለሁ። አንዲት አሮጊት ሁልጊዜ ጃኬቴን እንዳወልቅ ይለምኑኛል። ጃኬቴን ካወለቅኩ እንደምቆይ ያውቃሉ። ደቂቃው ስለማይበቃ ብዙ ጊዜ ሳላወልቅ እወጣለሁ። እዚያ ሥራ ነው፣ ሰዓቱ የእኔ አይደለም። አኮ ቤት ግን ደቂቃ የመደበብኝ ሰው አልነበረም። ራሴ ነኝ የመደብኩት።

ቅዳሜ ነው የምሄደው። አራት ቤት ቀርቶኛል። ነገ ጠዋት አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር ቤት ነኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጋዜጣ እንዳነብላቸው ቀጥረውኛል። ከሰዓት በኋላ አኮ ቤት። ከአዌቱ ድልድይ ጀምሮ በእግሬ ነው የምሄደው፤ ቆሎውን እሳቸው ይቆላሉ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ ተባብለናል።